የንዴሪቱ ቱርቦና የዶሮ ቤቱ ጉዳይ

ሙኩርዌ-ኢኒ፣ ኦክቶበር 11 ቀን 1998

ለእናቴ ለንያዊራ፣
ባለሽበት በጃፓን አገር፣

ከእኔ፣ ከቡናው፣ ከላሟና ከቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን የከበረ ሰላምታ ይድረስሽ። የኪሪንያጋ ተራራ ባለቤት ፈጣሪ ከፊት ከፊትሽ ይሂድ፤ የጃፓንን መንገድ ካላወቀው አንቺ አሳዪው። በሽማግሌ ወግ ደረትሽ ላይ እንትፍ ብዬ መመረቅ ሲገባኝ ባሕር ስለከለከለኝ ወረቀቱ ላይ እንትፍ ብያለሁ። ቀለሙ የተጨማለቀበት ቦታ ምርቃት ነውና በእጅ ጽሕፈቴ እንዳትታዘቢኝ።

እኔ አጎትሽ ዋሆሜ ደኅና ነኝ። ጡረታ የወጣ ምክትል ርዕሰ መምህር ሊታመም የሚገባውን ሁሉ በየተራ እየታመምኩ ነው። አንቺ የእናቴን ስም ስለያዝሽ እናቴ ነሽ፤ ወንድሜ አባትሽ ንዴሪቱም፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሲቆጣሽ እንኳ «እማዬ» እያለ ነበር። ስለዚህ ልጅ ለእናቱ እንደሚያለቅስ ላለቅስልሽ ነው።

የአባትሽ ነጯ ቱርቦ መኪና ሞተች። ከኒዬሪ ስመለስ ትልቁን ቁልቁለት ጨርሼ ወንዙ ጋ እንደደረስኩ እንደ ፋብሪካ ፊሽካ ጮኸች፣ ሰማያዊ ጭስ ለቀቀች፣ ከሆዷ ቋ ቋ የሚል ነገር ተሰማ፣ ከዚያ ዝም። በአነዳዴ በኩል ምንም ጉድለት እንዳልነበረ ከወዲሁ ላሳውቅሽ እወዳለሁ።

በአራት በሬ አስጎትቼ ቡና መጋዘኑ ውስጥ አስገባኋት። እናትሽም ፍርድ ሰጠች። «እስከ ፋሲካ በራሷ እግር ከመጋዘኔ ካልወጣች ለጊቾሂ ትሰጣለች» አለች። ጊቾሂን ታስታውሺዋለሽ፤ ሥጋ ሻጩ። ብረቱን በኪሎ ሊሸጥ፣ ገላዋን የዶሮ ቤት ሊያደርግ ነው።

«አራት በር ያለው የዶሮ ቤት በዚህ ወረዳ ማን አለው?» ይለኛል።

«ዶሮዎችህ መስኮት ማውረድ ይችላሉ?»

«ካንተ በፊት ይለምዱታል፣ መምህር።»

አየሽ እናቴ፣ እሷ ከሄደች ከወንድሜ የሚቀረው አንድ ፎቶና አንድ ቀበቶ ነው። አንቺም ስትሄጂ «አጎቴ፣ መኪናዋን ጠብቅልኝ፤ ስመለስ ከአውሮፕላን ጣቢያ የምትወስደኝ በእሷ ነው» ብለሽኛል። የሥራ ውልሽ በኤፕሪል እንደሚያልቅም አልዘነጋሁም። የዶሮ ቤት ደግሞ ሰው አይቀበልም።

ሞተር በቤት ውስጥ ማደስ ይቻል እንደሆነ ምከሪኝ። መሣሪያ በኩል ችግር የለም፤ አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ ፒንሳ፣ አንድ መዶሻና አንድ ዲፕሎማ አለኝ።

ልጅሽ ዋሆሜ


ሺዙኦካ፣ ኖቬምበር 3 ቀን 1998

ለልጄ ለዋሆሜ፣

ፈጣሪ ዕድሜህን ያርዝመው፤ ልቦናም ጨምሮ ይስጥህ። ምርቃትህ ደርሶኛል። ያረፈው አድራሻው ላይ ስለነበር ፖስታ ቤቱ ሲመራመርበት ሰንብቶ ነው ያመጣልኝ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ዳገቱን አስጩኸህ ከወጣህ በኋላ አናቱ ላይ ሞተሩን አጥፍተህ ቁልቁለቱን በፍሪ ነው የምትለቃት? አትመልስልኝ። ቱርቦ ማለት በጭሱ ትንፋሽ የምትሽከረከር ትንሽ ማራገቢያ ናት። ዳገት ላይ ፍም ትሆናለች። የሚያበርዳት ዘይት ነው፤ ዘይቱን የሚልክላት ደግሞ የሚሠራ ሞተር ነው። ልክ በጋለችበት ሰዓት ቁልፉን ስትዘጋባት ዘይቱ ሆዷ ውስጥ እንደ ተረሳ ወጥ ያርራል። ያረረው ቱቦውን ይዘጋል፣ ዘንጓ ይደርቃል፣ ስብርባሪው ወደ ሞተሩ ይወርዳል። አንተ ቋ ቋ ያልከው እሱ ነው።

ይቻላል። አባዬ በዚያው መጋዘን ውስጥ ሁለት ጊዜ ሲያወርዳት መብራት የያዝኩለት እኔ ነኝ። ንጹሕ ሸራ አንጥፍ። ከአንድ ቦታ የፈታሃቸውን ብሎኖች ሁሉ በአንድ ጣሳ አድርግ፣ ጣሳው ላይ የት እንደነበሩ ጻፍ። ዘይት መያዣውን ስታወርድ ሥሩ ላይ የሚያብረቀርቅ ብናኝ ካየህ ንገረኝ፤ የኩሽኔታዎቹ ሥጋ ነው። ከሁሉ በላይ አራቱን ፒስተኖች እንዳታደባልቅ። እያንዳንዱ ለዓመታት የኖረበት ቤት አለው፤ ሌላ ቤት ብታስገባው አይስማማውም። መዶሻውንና ዲፕሎማውን አስቀምጣቸው።

የምሠራበትን የመኪና ማፍረሻ ግቢ ባለቤት፣ ሽማግሌውን ሚስተር ሞሪታን፣ አማከርኩት።

«ሞተሩን የሚያወርደው ማነው?» አለኝ።

«ልጄ ነው።»

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«ስልሳ ስድስት።»

እስካሁን ሲያየኝ በጣም ዝቅ ብሎ እጅ ይነሳል።

እናቴ እንዴት ናት? አንዳንዴ ስለ እኔ ትጠይቃለች?

እናትህ ንያዊራ


ሙኩርዌ-ኢኒ፣ ኖቬምበር 26 ቀን 1998

ለእናቴ ለንያዊራ፣

ጤናና ሞገስ፣ ዝናብና ካፖርት ይስጥሽ። በዚህኛው ወረቀት ጠርዙን ብቻ ነው የመረቅሁት።

በፍሪ መልቀቅን በተመለከተ የቀረበብኝን ክስ በአክብሮት አልቀበልም። ያ ቁልቁለት ፈጣሪ ለጡረተኞች የሰጠው ነፃ ነዳጅ ነው። የማታቱ ታክሲ ሹፌሩም፣ ቄሱም፣ የወረዳው ሹም ሹፌርም አናቱ ላይ አጥፍቶ ነው የሚወርደው፤ አንዳንዴ ሦስት መኪና በዝምታ ተከታትሎ ሲወርድ የቀብር ሰልፍ ይመስላል። ወረዳው ሁሉ የሚያደርገው ነገር ጥፋት ሊሆን አይችልም። የሆነ ሆኖ ትቼዋለሁ።

ሞተሩ ወርዷል። መጋዘኑ ውስጥ ጣሳ ብቻ ነው ያለው፤ የሰፈሩ ሰው የማብሰያ ቅባት አልቆበት ባዶውን ለእኔ ያመጣል። የሚያብረቀርቅ ብናኝ አለ፤ ብዙ ነው። ፒስተኖቹ እንዳይደባለቁብኝ እንደ አገራችን ሥርዓት ስም አወጣሁላቸው። ለንዴሪቱ የተወለዱ ወንዶች ልጆች እንደሚሰየሙት፣ አንደኛው በአባት አባት፣ በአባቴ፣ ጋቶጎ ተባለ። ሁለተኛው በእናት አባት፣ የእናትሽ የዋሩጉሩ አባት ነውና፣ ሙሪዪ። ሦስተኛው በአባት ወንድም፣ እሱ እኔ ነኝ። አራተኛው በእናት ወንድም፣ ጊታሂ። በከሰል ጻፍኩባቸው። ሦስቱ ደኅና ናቸው። ዋሆሜ ብቻ ጎኑ ተቧጥጧል። ከሁሉም ለምን እሱ እንደተመረጠ አልገባኝም።

እናትሽ ደኅና ናት። ላሟ ወልዳለች፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት ጥጃ። ሁለቱም ደኅና ናቸው።

በኤፕሪል ስወስድሽ ሻንጣሽ በኋላ ወንበር ይሁን ወይስ ጣሪያው ላይ ገመድ ላዘጋጅ?

ልጅሽ ዋሆሜ


ሺዙኦካ፣ ጃንዩዋሪ 10 ቀን 1999

ለልጄ ለዋሆሜ፣

ገና አልፎ ሰላምታ ስለላክሁ አትቀየመኝ። የዘመን መለወጫው የመጋዘንህን በር ሰፋ አድርጎ ይክፈትልህ።

ለመዘግየቴ ምክንያቱ ይህ ነው። በዲሴምበር አንዲት ነጭ መኪና ተጎትታ ወደ ግቢያችን ገባች። የአባዬ መኪና መንታ እኅት። ከወንበሯ ሥር የሴት ማበጠሪያና አንድ የልጅ ካልሲ አገኘሁ። እዚህ ሰው መኪናውን ሲጥል ውስጡ የረሳውን አይፈልግም። የምሳ ሰዓቴን እሷ ውስጥ ቁጭ ብዬ አሳለፍኩ። በሹፌሩ ቦታ አይደለም፤ ያኔ መብራት ይዤለት ውዬ ሊሞክራት ሲወጣ በምቀመጥበት ቦታ። ሚስተር ሞሪታ መስኮቱን አንኳኳ።

«ምኗ ነው የተበላሸው?»

«ምንም። ሁሉ ነገሯ ደኅና ነው።»

«ታዲያ?»

«መፍረሷ ነው።»

ሄደና ቡና ይዞልኝ መጣ፤ በቆርቆሮ የታሸገ ቀዝቃዛ ቡና። ይህን ቡና እናቴ ብታየው ምን ትል ነበር ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ቱርቦዋን ፈትቼ እንድወስድ ፈቀደልኝ።

በጥቅል ልኬልሃለሁ። ቱርቦዋ አለች፣ አዳዲስ የፒስተን ፋሻዎች አሉ፣ ኩሽኔታዎች አሉ፣ የሞተሩ ክዳን የቴስታታው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ በቀን መቁጠሪያ ወረቀት መሀል ተጠቅልሎ አለ። ጓርኒሲዮኑን አትጠፈው። የቱርቦዋን ዘንግ በጣትህ ስትነካው ወደ ጎን በጣም ጥቂት ቢነቃነቅ ደንቡ ነው፤ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ግን መነቃነቅ የለበትም። የድሮውን የዘይት ቱቦ አጥቤ እጠቀምበታለሁ እንዳትል፤ ያረረው ዘይት እሱ ውስጥ ነው ያለው። አዲሱን አድርግ።

በቀን መቁጠሪያው ላይ ያለው ተራራ የእነሱ ነው። ከአውቶቡስ መስኮት ይታየኛል። አንዳንድ ጠዋት ሳላውቀው ፊቴን ወደ እሱ አዙሬ ጸሎት እጀምርና የሰው ተራራ መሆኑ ትዝ ይለኛል።

የላሟንና የጥጃዋን ደኅንነት ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ።

ንያዊራ


ሙኩርዌ-ኢኒ፣ ጃንዩዋሪ 30 ቀን 1999

ለእናቴ ለንያዊራ፣

እጅሽ ይባረክ፤ የላክሽው ዕቃ ሁሉ ሳይሰበር ደርሷል። ተራራውን መጋዘኑ ግድግዳ ላይ ሰቅየዋለሁ። ጊቾሂ አይቶ «የኛን ተራራ ማን በረዶ አበዛበት?» አለ።

የደረሰብኝን ግን ስሚ። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ፒስተኖቹ ከሸራው ላይ የሉም። ብፈልግ ብፈልግ ከወጥ ቤቱ ደጅ፣ ዕቃ ማድረቂያው ቆጥ ላይ፣ ከሻይ ስኒዎቹ ጋር ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ። በአመድና በሳሙና ታጥበው እንደ ሙሽራ ያበራሉ። ከሰሉ የለም።

«ማማ ንያዊራ፣ እነዚህ ምን ሆኑ?» አልኳት እናትሽን።

«ታጠቡ።»

«ስማቸውስ?»

«ከጥቀርሻው ጋር ሄደ። የአባቴ ስም የተጻፈበት ነገር እንዲያ ቆሽሾ በግቢዬ አያድርም።»

አሁን ጋቶጎ የቱ፣ ጊታሂ የቱ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ዋሆሜን ብቻ በቁስሉ ለየሁት። የኔ ነገር ሁልጊዜ በቁስል ነው የሚታወቀው። ምን ይሻለኛል?

ፋሲካ ኤፕሪል 4 ነው። አንቺ ደግሞ ስለ ሻንጣው አልመለስሽልኝም።

ልጅሽ ዋሆሜ


ሺዙኦካ፣ ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1999

ለልጄ ለዋሆሜ፣

እጅህ የነካው ይቅና።

የፒስተኖቹን ክንድ ገልብጠህ እየው። አባዬ በብረት ነጥብ መትቶባቸዋል፤ ለአንደኛው አንድ፣ ለሁለተኛው ሁለት፣ እንዲያ እያለ እስከ አራት። እናቴ ብትፈትጋቸው አይጠፉም።

ቴስታታውን ስታስር ከመሀል ጀምረህ ወደ ዳር ሂድ፣ ሁሉንም ብሎን በመጠኑ፣ ከዚያ ዞረህ ደግመህ አጥብቅ። አንዱን ጨርሰህ አጥብቀህ ወደሌላው ከሄድክ ይጣመማል። ሞተሩን ከማስነሳትህ በፊት በቱርቦዋ ቀዳዳ ዘይት በእጅህ ሙላላት። ካንዴላዎቹን አውልቀህ የዘይቱ መብራት እስኪጠፋ ቁልፉን እየመታህ አሽከርክረው፤ ደረቅ ሆና ከተነሳች ሁለተኛ አትጠግናትም። የካንዴላ ሽቦዎቹ ተራ አንደኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ ሁለተኛ ነው። የሚተኩሱት በዚህ ተራ ነው። ከተነሳችም በኋላ፣ ወደፊትም ሁልጊዜ፣ ነድተሃት ስትመለስ ወዲያው አታጥፋት። ቆማ ጥቂት ደቂቃ ትሥራ፤ ትብረድ፤ ከዚያ አጥፋ።

ሚስተር ሞሪታ የአዲሱን ውል ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አኑሯል። የሻይ ስኒዬን ላዩ ላይ አስቀምጬበታለሁ።

ንያዊራ


ሙኩርዌ-ኢኒ፣ ማርች 7 ቀን 1999

ለእናቴ ለንያዊራ፣

ሰላምና በረከት፣ ለእኔ ደግሞ የቅንድብ ፀጉር ይስጠን።

ትናንት የማስነሻው ቀን ነበር። ነጥቦቹን አግኝቼ ሁሉም ቤቱ ገብቷል። ቴስታታው ከመሀል ወደ ዳር ታስሯል። ዘይቱ ተሞልቷል፤ መብራቱ እስኪጠፋ ተሽከርክሯል። አንድ ነገር ብቻ በአክብሮት አስተካክዬልሽ ነበር። አንደኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ ሁለተኛ ብለሽ የጻፍሽውን ሳየው የብዕር ስሕተት መሰለኝ። እንዴት ይሆናል? እኔ ዋሆሜ፣ ሙሪዪ ቁጭ ብሎ ሳለ ቀድሜ ልናገር? የእናትሽ አባት፣ አማት የሆነ ሰው፣ ከገዛ ልጁ ከጊታሂ በኋላ መጨረሻ ላይ? ጃፓኖች የዝምድና ወግ አያውቁ ይሆናል ብዬ ሽቦዎቹን እንደ ክብራቸው አሰርኩ፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ።

ሰፈሩ ሁሉ መጥቷል። የሴቶች ማኅበር መዝሙር አዘጋጅቷል። ጊቾሂ የልብስ ሰፊ ሜትር ይዞ የኋላ በሯን ይለካል። ጸሎት አደረግን። ቁልፉን መታሁ።

እናቴ፣ አስነጠሰች። ከአየር መግቢያዋ እሳት ወጥቶ የግራ ቅንድቤን ወሰደው። ደግሜ መታሁ፤ በማርሚታው በኩል እንደ መድፍ ጮኸች፣ ላሟ ገመድ በጥሳ ሄደች፣ የሴቶች ማኅበርም መዝሙሩን ሳይጀምር ተበተነ።

«መምህር» አለኝ ጊቾሂ ሜትሩን እየጠቀለለ፣ «የሚያስነጥስ ቤት ዶሮዎቼ አይፈልጉም። መድኃኒት ስጣትና አምጣልኝ።»

እናትሽ ከመጋዘኑ በር ላይ ቆማ ነበር። ሳቀች ብልሽ ደስ ባለኝ። «ፋሲካ ቀኑን አልቀየረም» ብላ ገባች።

ልጅሽ ዋሆሜ


ሺዙኦካ፣ ማርች 21 ቀን 1999፣ በአስቸኳይ ፖስታ

ዋሆሜ፣

ማነው አስተካክል ያለህ? አንደኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ ሁለተኛ። ሌላ ምንም አትንካ፤ ሽቦዎቹን ብቻ አዛውር። በመስመር ቢተኩሱ ዘንጉ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፤ አንዱ ከዚህ ሲመታ ሌላው ከወዲያ እንዲደግፈው ነው። ሞተር ዕድሜ አይጠይቅም።

ደብዳቤህን ለሚስተር ሞሪታ ተረጎምኩለት። ይስቃል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን «የአባቴን ስም አንዱ ላይ ብጽፍ እኔም እንዲያ ነበር የማደርገው» አለ።

አሁን እንደ እናት ሳይሆን እንደ ወንድም ልጅ ልጠይቅዎ፣ አጎቴ። ከአባዬ ቀብር በኋላ ሳምንት ሳልቆይ ነው የተነሳሁት። እናቴ «ማን አብሮኝ ይቀመጣል?» ስትለኝ ሻንጣዬን እየዘጋሁ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል ከእሷ አልመጣልኝም። የላሟን ጤንነት ከእርስዎ ደብዳቤ በደንብ አውቄዋለሁ። እናቴ ስለ እኔ ታወራለች ወይስ አታወራም? ስኒዬ አሁንም ወረቀቱ ላይ ነው።

ንያዊራ


ሙኩርዌ-ኢኒ፣ ኤፕሪል 5 ቀን 1999

ለእናቴ ለንያዊራ፣

ፋሲካ አለፈ፤ መልካም ሆኖ አለፈ።

ለጠየቅሽኝ በመጀመሪያ ልመልስ። ስምሽን አታነሳም ነበር። ሰፈሩ ቀኑን ሙሉ «ማማ ንያዊራ» እያለ ይጠራታል፣ አቤት ትላለች፤ ከራሷ አፍ ግን ሲወጣ አልሰማሁም። ስለዚህ ስለ ላም ጻፍኩልሽ። ሌላ ምን እጽፋለሁ?

አሁን የሆነውን ስሚ። አስቸኳዩ ደብዳቤ ሐሙስ ደረሰኝ። ቅዳሜ ጠዋት መጋዘኑ ውስጥ ሽቦዎቹን በእጄ ይዤ ልቤ እምቢ አለኝ። የሽቦውን ነገር ጮክ ብዬ ለራሴ አነብ ነበር። እናትሽ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል።

«የማን አባት ነው መጨረሻ የሚሆነው?»

«ያንቺ። ለዚህ ነው ያስተካከልኩት።»

«አባቴ ሽማግሌዎች መሀል ሲቀመጥ ማን ነበር ቀድሞ የሚናገር?»

«ጎረምሶቹ።»

«አባቴስ?»

«ሁሉም አፉን ከዘጋ በኋላ።»

«ከሱ በኋላ የሚናገርስ ነበር?»

«ማን ደፍሮ።»

«ታዲያ ሞተሩ ከመምህሩ ይሻላል። ሽቦህን እሰር።»

«አባቴ ጋቶጎስ? አንደኛ መሆኑ ለክብሩ…»

«አባትህማ መቼ ነው ሰው አስቀድሞ የሚያውቀው?»

አሰርኩ። ቁልፉን መታሁ። እናቴ፣ ተነሳች። መጀመሪያ ተንቀጠቀጠች፣ ነጭ ጭስ አወጣች፣ ከዚያ ድምፅዋ ተስተካከለ። የቱርቦዋ ፉጨት መጣ፣ ያ ንዴሪቱ ከወንዙ ማዶ ሲመጣ የምንሰማው። እናትሽ ነጠላ ጫማዋን አራግፋ የፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። መኪናዋን ከመጋዘኑ በራሷ እግር አወጣኋት፣ እስከ ወንዙ ወርደን ዳገቱን ተመለስን። ጊቾሂ ከሱቁ በር ላይ ሥጋ እየመዘነ ነበር፤ ሚዛኑን ረስቶ ቆመ።

ግቢ ገብተን ቆምን። እናትሽ በሩን ልትከፍት ስትል፣ «ቆይ፣ አሁን አላጠፋትም» አልኳት።

«ምን እንጠብቃለን?»

«እስክትበርድ። ልጅሽ ያዘዘችው ነው። ከመንገድ ተመልሳ ወዲያው ከጠፋች ውስጧ ያርራል።»

እጇን ከበሩ አነሳች። ተቀመጥን። ሞተሩ ቀስ ብሎ ይሠራል። የመጋዘኑን ግድግዳ ስታይ ቆየችና፣

«ይቺ እንኳ ቁጭ ሳትል አትሄድም» አለች።

የመስተዋቱን አቧራ በክንዴ ጠረግሁ። ከዚያ፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «ንያዊራ እዚያ ከሩዝ ሌላ የምትበላው አላት?» አለችኝ።

ስምሽን እንዲህ ነው የጠራችው። ሞተሩን ማጥፋት ረሳሁ፤ እሷ ናት ያስታወሰችኝ።

ስለ ሻንጣ መጠየቁን ትቻለሁ። ስኒሽን አንሺና ያንን ወረቀት ሳትፈርሚ መልሺለት። ነይ።

ልጅሽ ዋሆሜ


ሺዙኦካ፣ ኤፕሪል 20 ቀን 1999

ይድረስ ለአጎቴ ለመምህር ዋሆሜ፣

እግዜር ያክብርልኝ። አባዬ ቢኖር ከዚህ በላይ አያደርግላትም ነበር።

ዓርብ ፈረምኩ። ደብዳቤዎ ሰኞ ደረሰኝ።

ፋሲካ አልፎ ምንም ስላልሰማሁ መኪናዋ ሄዳለች ብዬ ነበር። አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ዶሮዎቹ ወንበሯ ላይ ሲያድሩ ይታየኝ ነበር። ወደ ምን ልመለስ አልኩ። ስኒውን አንስቼ ፈረምኩ። ሰኞ ደብዳቤዎን ይዤ ሚስተር ሞሪታ ዘንድ ሄድኩ። እኔን የሚተካ ሰው አሰናብቷል፤ ወረቀቱም ከእጁ ወጥቷል። አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ጠየቀኝ፣ እኔም አንገቴን ደፍቼ ይቅርታ ጠየቅሁት። ለአንድ ዓመት ነው።

ከሩዝ ሌላ ዓሣ እበላለሁ ብለው ይንገሯት። በቆሎና ባቄላ ቀቅዬ ጊዜሪም ሁለት ጊዜ ሠርቼ ነበር፤ የዚህ አገር ባቄላ እምቢ አለኝ።

ይህን ደብዳቤ አያንብቡላት። ወይም ያንብቡላት። እርስዎ እንደመሰለዎ።

የወንድምዎ ልጅ ንያዊራ


ሙኩርዌ-ኢኒ፣ ሜይ 9 ቀን 1999

ለእናቴ ለንያዊራ፣

ዝናቡ ደኅና ጥሏል። የሚስተር ሞሪታ ግቢም ዝናብ ይግባለት፤ መልካም ሰው መሆኑን ተረድቻለሁ፣ ቢሆንም ተቀይሜዋለሁ።

አነበብኩላት። ባቄላ እየፈለፈለች ነበር። ዓርብና ሰኞ የሚለው ጋ ስደርስ እጇ ቆመ፤ ከዚያ ቀጠለች። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ስለ ጊዜሪው ስደርስ «ሌሊቱን አልዘፈዘፈችውማ» አለች፤ ባቄላውን ነው። ሳህኑን ሞልታ ተነሳች፣ እጇን ታጠበች፣ እኔ አሁን ታለቅሳለች ብዬ ወደ ተራራው ሳይ፣

«መሪው ከባድ ነው?» አለችኝ።

«የምን መሪ?»

«የመኪናዋ።»

«ከቆመች ከባድ ነው። ከተንቀሳቀሰች ቀላል ነው።»

«አስተምረኝ።»

«ማማ ንያዊራ፣ እኔ እኮ አለሁ። አውሮፕላን ጣቢያ እኔ ሄጄ አመጣታለሁ።»

«አንተ ስታመጣት እኔ እዚህ በር ላይ ቆሜ አቧራ ልጠብቅ? ቀድሜ የማያት እኔ ነኝ።»

ጀምረናል። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ መጋዘኑን በአንደኛ ማርሽ ትዞራለች፣ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ፣ መሪውን እንደ በግ ቀንድ ጨብጣ። ሰኞ ዕለት የጊቾሂን አጥር ጥግ ወሰደችው። መጥቶ አየና፣ «ማማ ንያዊራ፣ ዶሮ ቤቱን ስትከለክይኝ ታገስኩ፤ አጥሩንም ይዘሽ ልትሄጂ ነው?» አላት። «ዞር በል፣ ፍሬኑን ገና አልተማርኩም» አለችው። ጊቾሂ እንደዚያ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም።

ሁለተኛ ማርሽ ሲገባላት ቱርቦዋ ታፏጫለች። ያኔ ትንሽ ትፈራና ትንሽ ፈገግ ትላለች። ስትጨርስ ሳልነግራት እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ቁጭ ትላለች፣ እስክትበርድ። እኔም አጠገቧ እቀመጣለሁ። ዛሬ እዚያው ተቀምጠን ለአንቺ የምጽፈው ካለ ጠየቅኋት። መንገዱን ስታይ ስለቆየች የለም ማለቷ መስሎኝ ቁልፉን ልዘጋ እጄን ዘረጋሁ። እጄን መታ አደረገችኝ።

«ዓመት ብዙ ነው ብላ እንዳትጨነቅ በላት» አለች። «መንገዱን እስክለምደው እኔም ዓመት ይፈጅብኛል።»

ልጅሽ ዋሆሜ